«እንቢ» የሚል ገበሬና አበል የሚጠብቅ ባለሙያ

«ሠራተኛው የሥራ ተነሳሽነት የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላምንም። «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለው ደግሞ የዚሁ መንታ ወንድም ነው። ሁለቱም ሲነገሩ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያለቀለት ይመስላል። ተነሳሽነት አንዱ ጋ ሞልቶ የሚፈስ፣ ሌላው ጋ የደረቀ ምንጭ ተደርጎ ይወሰድና ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ወይ ሥልጠና እናዘጋጅ፣ ወይ ጉርሻ እንጨምር፣ ወይ ቅጣቱን እናጥብቅ የሚል ይሆናል።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሕግ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ብዙ አይመራመርም፤ ሰው ቅጣትን ይፈራል፣ ጥቅሙን ይወዳል ብሎ ይነሳና አንቀጹን ይጽፋል። መነሻው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሥነ ልቦናና የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ቀስ በቀስ ሲገልጡት ቆይተዋል። እኔ ደግሞ የእነሱን ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ቤተ ሙከራቸው ሳይሆን የተወለድኩበት አገር፣ ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው። ስለዚህ ነገሩን በዚያ በኩል ልየው።

አስቀድሞ አንድ የታወቀ ሥዕል እናንሳ። በየሆቴሉ የሥልጠና አዳራሽ የአብርሃም ማዝሎን ፒራሚድ ያህል ግድግዳ ላይ የበራ ሥዕል ያለ አይመስለኝም። ማዝሎ ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ፒራሚዱን የሳሉት ግን እሱ ሳይሆን በኋላ የመጡ የሥራ አመራር ሰዎች ናቸው። ሰው በመጀመሪያ ሆዱን፣ ቀጥሎ ደኅንነቱን፣ ከዚያ ወዳጅነትንና ክብርን፣ በመጨረሻም የተሰጥኦውን ፍጻሜ ይፈልጋል ይላል። ሥርዓት ያለው ነገር ነው። አሁን ይህን ፒራሚድ ይዛችሁ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ሂዱና ተዝካር ያለበት ቤት ግቡ። ጎተራው ሊሟጠጥ የተቃረበ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ጠላ ይጠምቃል፤ ካህናቱን ያበላል፤ አገሩን ይጠራል። ፒራሚዱ ተዘቅዝቆ ቆመ ማለት ነው።

በየዘመኑ የመጡ ካድሬዎች ይህን ወጪ «ኋላ ቀር ልማድ» ብለው ሲያወግዙ ኖረዋል። ሰውየው ግን የረሀብን ትርጉም ከካድሬው በተሻለ ያውቃል። ዛሬ ደጁ የተቀመጠው ጎረቤት ነገ እሱ ቢታመም የሚያርስለት፣ ቤቱ ቢቃጠል የሚሠራለት፣ ልጁ ሲዳር የሚቆምለት ሰው ነው። ኢንሹራንስ በማይገኝበት አገር የሰው ፊት ማግኘት ራሱ ስንቅ ነው። ስለዚህ የሰውን ውሳኔ ለመረዳት ከፈለግን «ከየትኛው ደረጃ ላይ ነው ያለው?» ከማለት ይልቅ «ይህን ባያደርግ ምን ያጣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው።

ጉና ተራራ ሥር፣ ፋርጣ ውስጥ የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ስለሆነ በሥሩ ያለው መሬት እንደ ከፍታው ይለያያል። የአጎቴም መሬት አንድ ቦታ የተኛ አይደለም። አንዱ ቁራጭ ከላይ ውርጭ ከሚመታው ቦታ ላይ ነው፤ ሌላው ከታች ወንዝ ዳር፤ ሌላው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ። ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላና ስንዴ ይዘራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያመጣላቸውን ምርጥ ዘር አይጠሉም፤ ግን አንዱን ማሳ ብቻ ይሰጡትና የቀረውን በነባሩ ዘር ይሸፍኑታል። አንድ ጊዜ «አጎቴ፣ ምርቱ እጥፍ መሆኑን በዓይንዎ ካዩ ለምን ሁሉንም በአዲሱ አይዘሩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ያንተ ደመወዝ በወር በወሩ ይመጣል» አሉኝ። «የዚህ ወር ቢቀር የሚመጣው አለ። የኔ በዓመት አንዴ ነው። እሱ ከቀረ በሬዬ ይሄዳል።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ በመጻሕፍት ውስጥም አላገኘሁም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ሥራ ያሳዩት ይህንኑ የሚጎራበት ነገር ነው። ሰው ትርፍና ኪሳራን በአንድ ሚዛን አይመዝንም። መቶ ብር ማጣት የሚያሳምመው መቶ ብር ማግኘት ከሚያስደስተው እጥፍ ገደማ ነው። ሳንቲም ይወርወር፤ ዘውድ ከመጣ 100 ብር ትወስዳለህ፣ ጎፈር ከመጣ 100 ብር ትከፍላለህ ቢባል አብዛኛው ሰው ይቅርብኝ ይላል። እንዲጫወት የትርፉ ወገን ወደ 200 ብር ከፍ ማለት አለበት። ካህነማን በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀብሏል፤ ትቨርስኪ ግን ቀደም ብሎ በ1996 በማረፉ አልደረሰበትም። (በነገራችን ላይ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ ፈተና ይገጥመዋል። ካህነማንና ባልደረቦቹ በሌላ ሙከራ ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጥተው ሽጡት ቢሏቸው፣ ኩባያ ያልደረሳቸው ሊገዙበት ከፈቀዱት ዋጋ እጥፍ ያህል ጠየቁ። መዳቡ እጅ ውስጥ ሲገባ ወርቅ ይሆናል ማለት ነው።)

ነገር ግን የአጎቴን መልስ «ኪሳራ የመፍራት ዝንባሌ» ብለን ብቻ ብናልፈው ይጎድልበታል። ኩባያ የተሰጠው ተማሪ ኩባያውን ቢያጣ ሻዩን በሌላ ይጠጣል። በሬ ያጣ ገበሬ ምን እንደሚሆን ለከተማ አንባቢ ላስረዳ። ጥማድ ሲጎድል በመጀመሪያ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ተራ ጠብቆ ስለሚያርስ ዝናቡ ያመልጠዋል። ሁለተኛውም ከሄደ መሬቱን ለሌላ እኩል ይሰጥና የራሱን ምርት ግማሽ ያጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ ለቀን ሥራ መውረድ ነው። አንድ መጥፎ ዓመት የሚያስከትለው ጣጣ በሚቀጥሉት አምስት ጥሩ ዓመታት አይጠገንም።

ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ከኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ለዓመታት በተሰበሰበ መረጃ አሳይቶታል። ማዳበሪያ በአማካይ አትራፊ ነው። ሆኖም ምርቱ ቢከሽፍ የሚበላው የሚያጣ ቤተሰብ፣ ትርፉን እያወቀም ከማዳበሪያ ይርቃል። የሚያስቀረው አለማወቅ ሳይሆን የውድቀቱ ጥልቀት ነው። ማዳበሪያው ደግሞ ለብዙ ዘመን የተሰጠው በብድር ነበር። ዝናብ ጣለም አልጣለ ዕዳው ይከፈላል፤ የሚሰበሰበውም እህል በረከሰበት በመኸር ማግስት ነው። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ፣ በማግሥቱ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ሲከተል ስንት ቤተሰብ የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ከብቱን እንደሸጠ የዚያን ጊዜ ጋዜጦችን ያነበበ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ «ገበሬው ማዳበሪያ ይፈራል» ብሎ ጥናት ማስጠናት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚገርመው፣ ያ «አዲስ ነገር አይቀበልም» የተባለው ገበሬ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ አጣን ብሎ አቤት ይል ነበር። በአማራ ክልል አርሶ አደሮች ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሰዋል። ሰውየው ያው ሰው ነው። በመካከሉ የተለወጠው መሬቱ ነው፤ ከአባት ለልጅ እየተከፋፈለ ጠብቦ፣ ያለ ማዳበሪያ የማያበላበት ደረጃ ላይ ደርሷል። አሁን ኪሳራው ያለው በአለመጠቀም በኩል ሆነ። ኪሳራው ወገን ሲለውጥ ውሳኔውም ወገኑን ለወጠ፤ ለዚህ ምንም ዓይነት የማነቃቂያ ሥልጠና አላስፈለገም።

ከደጋው ወርደን ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ የሩዝን ታሪክ እናገኛለን። ጣና ዳር ያለው ይህ ሜዳ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ ውኃ ያጥለቀልቁታል። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲመጣ የተሞከረው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ነበር። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ነገሩ አብሮ የሞተ መስሎ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ከዳር ሆኖ ሲያይ ቆይቷል። በኋላ በግል መሬቱ ላይ፣ ያውም ውኃ በሚተኛበትና ሌላ እህል በማይሰጠው ቁራጭ ላይ ሞከረው። ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረበት። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ የሩዝ ምድር ሆኖ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ይገኛል። ልብ በሉ፤ ሩዙ የተስፋፋው ቢከሽፍ ምንም በማያጎድልበት መሬት ጀምሮ ነው። ጎረቤቱ ሲበላው ያየ ደግሞ ተከተለ። የማኅበሩ ሩዝ የማንም አልነበረም፤ የጎረቤት ሩዝ ግን የሰው ነው።

ይህ «የማን ነው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ እሱን የሚያስረዳልኝ ደግሞ የእርከን ታሪክ ነው።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በደጋው ኢትዮጵያ ሰፊ የእርከን ሥራ ተሠርቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ያቀርባል፤ ገበሬው እርከን ይሠራል፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይቀበላል። ድርቅ ላይ ለነበረ ቤተሰብ ይህ ሕይወት አዳኝ ነበር፤ ያንን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ተቆጣጣሪው ሲሄድ በብዙ ቦታ ገበሬው ያንኑ በእጁ የሠራውን እርከን በእጁ አፈረሰው። በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ የተካሄደ ጥናትም እርከኖች መፍረሳቸውን መዝግቧል። ምክንያቱን ገበሬውን ብትጠይቁት አይደብቅም። እርከኑ የማሳውን ስፋት ይበላል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ የድንጋዩ ካብ ውስጥ አይጥ ይራባል። ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ መሬቱ በማን እጅ እንደሚሆን ደግሞ የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ስንዴ ምን ገዛ? የሥራ ቀን ገዛ። እርከን ግን አልገዛም። እንዲያውም ክፍያው ራሱ ለገበሬው አንድ መልእክት አስተላልፎ ነበር፤ «ይህ የአንተ ጉዳይ አይደለም፤ የአንተ ቢሆን ኖሮ ባልከፈልንህ» የሚል። ኮንሶዎች በበኩላቸው ማንም ስንዴ ሳይሰፍርላቸው ለብዙ መቶ ዓመታት የካቡት እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ክፍያ የሥራን ትርጉም እንደሚለውጥ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአገራችንን ደቦ ተመልከቱ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እህሏ ደርሶ አጫጅ ብታጣ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ያጭድላታል። እሷም ጠላና እንጀራ ታቀርባለች። ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ብር ልታድል ብትሞክር ግን ግማሹ ይቀየማል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ «የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስንት ገባ?» ብሎ ማሰላሰል ይጀምራል። ጠላውም ብሩም ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የሒሳብ ሰው ልዩነታቸው አይታየውም። ጠላው ግን ሰዎቹን ጎረቤት እንደሆኑ ያስቀራቸዋል፤ ብሩ ቅጥረኛ ያደርጋቸዋል።

ለእኔ ሙያ ቅርብ የሆነው ደግሞ የቅጣት ጉዳይ ነው። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል ሐይፋ ከተማ በአሥር የሕፃናት መዋያዎች የተደረገ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ አስቸገሩ። በስድስቱ መዋያዎች ለዘገየ ወላጅ መቀጮ ተጣለ። የሕግ ተማሪ ሁሉ መዘግየቱ ይቀንሳል ብሎ ይጠብቃል። የዘገየው ወላጅ ቁጥር ግን እጥፍ ገደማ ሆነ። ቀድሞ የዘገየች እናት የምታስበው አስተማሪዋን ነበር፤ «አስመሸኋት» ብላ ታፍራለች። መቀጮው ሲመጣ ሐፍረቱ ተነሳ፤ መዘግየት የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። ይባስ ብሎ መቀጮው ሲሻርም መዘግየቱ ወደ ቀድሞ መጠኑ አልተመለሰም። ሐፍረት አንዴ ዋጋ ከወጣላት በኋላ በቀላሉ ወደ ቤቷ አትመለስም።

አሁን የእኛን የተማርን ሰዎች ቤት እናንኳኳ። የአበልን ጉዳይ ማለቴ ነው። አበል ሲጀመር ፍትሐዊ ነገር ነበር፤ ከቤቱ ርቆ ለሄደ ሠራተኛ የምግብና የማደሪያ መተኪያ። ዛሬ ግን የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ ሲመጣ ከርዕሱ በፊት የሚፈለገው መስመር የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አበል የሌለው ስብሰባ ቁም ነገር የሌለው ይመስላል፤ አበል ያለው ደግሞ ከሁለት ቀን ወደ አራት ቀን ይለጠጣል። ስለ ሙያው ተቆርቁሮ ሊከራከርበት ይችል የነበረ ሰው ፈርሞ፣ ተቀብሎ፣ ከሻይ በኋላ ይጠፋል። ይኸው ሰው ከወረዳ የመጡትን ገበሬዎች ደግሞ «የውሎ አበል ለመዱ» ብሎ ያማቸዋል። ከማን ለመዱ?

ሆኖም እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ «ገንዘብ ሥራን ያበላሻል» የሚል ትምህርት የሚያወጣ አለቃ ካለ፣ ጽሑፌን ደመወዝ ላለመጨመር ምክንያት እንዳያደርገው እለምነዋለሁ። ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባደረገው ሙከራ፣ ለእንቆቅልሽ ጨዋታ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በነፃ ሰዓታቸው ጨዋታውን እምብዛም አልነኩትም፤ ያልተከፈላቸው ግን ቀጠሉበት። እሱ ግን በራሱ የሚያስደስት ሥራ ነበር። ፋይል መደርደር ማንንም በራሱ አያስደስትም። የቤት ኪራዩን የማይሸፍን ደመወዝ የሚያገኝ መምህር አበል ሲፈልግ ነውሩ የደመወዙ ነው። በቂ ደመወዝ ሰውን ከሥጋት ያወጣል። ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚቆረጥ ክፍያ ደግሞ ሰውየው እርምጃውን እንዲቆጥር ያስተምረዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ማስገደድስ? ለዚህ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ሞክሩ አሉ። ሙከራው ከሽፎ ከሽፎ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ትእዛዝ ሠራ ማለት ነው። ሆኖም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ ያ ኃያል የነበረው ሠራዊት በመክዳት ብዛት ተመናምኖ ነበር። ወታደሩ የቀጡት በበዛ ቁጥር እየሸሸ ሄደ። ያንን መድፍ በገደሉ መካከል ለወራት ጎትቶ መቅደላ ካደረሰው ጉልበት ውስጥ አንዱ የራሳቸው የንጉሡ ነበር። አብረዋቸው የነበሩት አውሮጳውያን እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ከተፈራው ቅጣት ይልቅ ይህ ብዙ ሰው ያስከተለ ይመስለኛል።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው ሲካሄድ የቆየው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በዚህ መካከል የቆመ ነገር ነው። ስንዴ አይሰፈርበትም፤ ግን ኮታና የስም መጥሪያ አለበት። ስለዚህ ደቦም አይደለም፣ ቅጥርም አይደለም። በአጎቴ አካባቢ እንዳየሁት በግለሰብ ማሳ ላይ የተሠራው እርከን ድንጋዩ ሲወድቅ ይነሳል፤ የጋራ ኮረብታው ላይ ያለው ከሦስት ክረምት በኋላ ጎርፍ ይወስደዋል።

ይህ ወደ ሕግ ይመልሰኛል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ አካባቢዎች የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር። ያንን ያየ ገበሬ «ነገ ለሌላ የሚሰጥ መሬት ላይ ለምን ድንጋይ እሸከማለሁ?» ቢል ከሕግ ባለሙያ የተሻለ አስቧል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሉ ይዞታ መመዝገብና ደብተር መስጠት ጀመረ፤ ባልና ሚስት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው አብሮ ይሰፍርበታል። አዋጅ ቁጥር 133/1998 መሬቱን ያልተንከባከበ ባለይዞታ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ደንግጎ ነበር፤ በዚያ አንቀጽ ተፈርቶ የተሠራ እርከን ግን እኔ አላየሁም። ደብተሩ ግን ሠርቷል። ክላውስ ዳይኒንገርና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ጎጃም ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች መሬታችንን እንነጠቃለን የሚለው ሥጋታቸው ቀንሶ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ የሚያፈሱት ጉልበት ጨምሯል። ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም አልቀጣቸውም። አንድ ኪሳራ ብቻ ከፊታቸው ተነሳ።

የሴፍቲኔትም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በደቡብ ጎንደር እብናት፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። «ሰውን ጠባቂ ያደርገዋል» የሚል ትችት ከከተማ ሳይለየው ኖረ። ጆን ሆዲኖትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። ሴፍቲኔቱን ከግብርና ድጋፍ ጋር አጣምረው ያገኙ ቤተሰቦች ማዳበሪያ የመጠቀምና በመሬታቸው ላይ የማልማት ዝንባሌያቸው ከፍ ብሏል። በሬው እንደማይሸጥ ያወቀ ሰው አዲስ ዘር ለመሞከር ደፈረ ማለት ነው፤ የአጎቴ መልስ በቁጥር ተጽፎ ሲነበብ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም ስለ ጊዜ ነው። ሰንዲል ሙላይናታንና ኤልዳር ሻፊር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከአጨዳ በፊትና ከአጨዳ በኋላ የማሰብ ፈተና ሰጥተዋቸው ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያው አንድ ሰው፣ ገንዘብ ባጠረው ወቅት የሠራው ፈተና ገንዘብ ከገባለት በኋላ ከሠራው ዝቅ ይላል። ጭንቀት የአእምሮን ቦታ ይይዛል። ደመወዝ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው በወለድ የተበደረ የከተማ ሰው ይህን ለማመን ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። እቁብ የምንገባውም ለዚሁ ነው። ባንክ ወለድ ይከፍላል፣ እቁብ አይከፍልም፤ ነገር ግን ባንኩ ብታስቀምጥም ብታወጣም አይታዘብህም። የእቁቡ ዳኛ ግን ቤትህን ያውቀዋል። ገንዘብ በእጃችን ባለበት ቀን የወሰንነውን፣ ባጣንበት ቀን እንዳናፈርሰው የጎረቤት ዓይን እናስጠብቀዋለን።

አሁን ደጋውን ተመልከቱ። ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው በታኅሣሥና በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ሠርግ አለ፣ ግብር አለ፣ ማኅበር አለ። ማዳበሪያ ግዛ የሚባለው ግን ክረምት ሲገባ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ውሳኔ ለመወሰን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ወቅት ላይ ነው። ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቿ በምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሙከራ የለወጠው ይህንን ነው። ዋጋውን አልቀነሱም። እህል በተሸጠበት ሰሞን የገበሬው ደጅ ሄደው «አሁን ክፈል፤ ማዳበሪያውን በወቅቱ ያለ ማጓጓዣ ክፍያ እናደርስልሃለን» አሉ። ተጠቃሚው በግልጽ ጨመረ። በእኛ አገር ማዳበሪያው የሚገባው ከውጭ በግዥና በጨረታ ሂደት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም ስለሚዘገይ፣ ጥር ላይ ገንዘብ ተቀብሎ ለሰኔ ቃል የሚገባ ኅብረት ሥራ ማኅበር በደቡብ ጎንደር እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢመጣ ደግሞ ገበሬው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ ሰኔ ላይ ባታመጡስ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል? ያንን የሚመልስ ውል ማርቀቅ የሕግ ባለሙያዎች ሥራ ነው።